የተራራ ብስክሌትም የዩኒቨርሲቲ ጥናት ይሆናል?

«ብስክሌት መንዳት ደግሞ ምን ምርምር ያስፈልገዋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ «የማጠናው የተራራ ብስክሌትና የጀብዱ ቱሪዝም ነው» ሲል ግራ የሚገባቸው ወላጆችም ይኖራሉ። ነገሩ ግን ጨዋታ ብቻ አይደለም። ደኑን ማን ይጠቀምበት? ሥራ የጠፋባት ትንሽ ከተማስ በምን ትኑር? የሚሉ ጥያቄዎች በውስጡ አሉ።

የተራራ ብስክሌት በስፋት የታወቀው በ1970ዎቹ ነው። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ወጣቶች አሮጌ ብስክሌቶችን እያጠናከሩ ቁልቁል ይነዱ ነበር። በ1996 በአትላንታ የኦሎምፒክ ውድድር ለመሆን በቃ። ከዚያ ወዲህ በርካታ ምሁራን ጉዳዩን አጥንተዋል። ጥያቄዎቻቸውን በሦስት ከፍሎ ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው፦ ሰው ለምን ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል? በአውስትራሊያ የግሪፊዝ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ራልፍ ባክሊ በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ችሎታው ያላቸው ሰዎች የሚሹት አደጋውን ሳይሆን፣ የሠለጠኑበትን ከባድ ነገር ሲወጡት የሚሰማቸውን ልዩ ስሜት ነው ይላሉ። ይህ ከሆነ የራስ ቁርና ጥሩ ሥልጠና ደስታውን አይቀንሱትም ማለት ነው።

ሁለተኛው፦ መሬቱ ምን ይሆናል? ዊልሰንና ሴኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 ባወጡት ጥናት በሞንታና ተራሮች ላይ የእግረኛን፣ የፈረስን፣ የሞተርና የብስክሌትን ጉዳት አነጻጸሩ። ቀድሞ ውኃ በጠጣ መንገድ ላይ ከጎማ ይልቅ ኮቴና እግር ብዙ አፈር አላቀቁ። በ2001 በካናዳ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአንድ መስመር ላይ እስከ 500 ጊዜ ድረስ በእግርና በብስክሌት ከተመላለሱ በኋላ፣ የሁለቱ ጉዳት ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት ግን ብስክሌት አይጎዳም ማለት አይደለም፤ በሁለቱም ሣሩና ቅጠሉ ተረግጦ ጠፍቷል። ስለዚህ «ብስክሌተኛ አይግባ» ወይም «ይግባ» ብሎ ከመወሰን በፊት መለካት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው፦ ገንዘቡ ለማን ይደርሳል? በአውስትራሊያ፣ በታዝማኒያ ደሴት ደርቢ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በቆርቆሮ ማዕድን የቆመች ነበረች። በ1929 ግድብ ተደርምሶ 14 ሰዎች ሞቱባት፤ በኋላም ማዕድኑ ቆመ፣ ነዋሪውም እየተበተነ ሄደ። በ2015 በጫካዋ ውስጥ የብስክሌት መንገዶች ተከፈቱ። በሁለት ዓመት ውስጥ ዓለም አቀፍ ውድድር አስተናገደች፤ ባዶ የነበሩ ቤቶች ማረፊያና ቡና ቤት ሆኑ። የቤት ዋጋም አብሮ ወጣ። ቤት ላለው ሲሳይ ነው፤ ቤት ለሚከራይ ግን ጭንቀት ነው። ተመራማሪ ሁለቱንም በር ማንኳኳት አለበት።

እንግዲህ ልጅ «ብስክሌት አጠናለሁ» ሲል ከመሳቅ በፊት ሁለት ነገር መጠየቅ ይበጃል፦ ምን ለካህ? ማንንስ ጠየቅህ? ለሁለቱም መልስ ካለው፣ የያዘው እውነተኛ ትምህርት ነው።