በእንግሊዝ አገር ቦዮች ላይ ስለሚደረግ የጀልባ ጉዞ

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም በሊሙ ገነትም፣ ጭነት ዕቃን እንደሚያስወድድ የማያውቅ ሽማግሌ የለም። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመነ መንግሥት (ከ1878 እስከ 1932 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ቡናው ከሂርማታ ገበያ ተነሥቶ ወደ ሸዋ የሚሄደው በበቅሎ ጀርባ ነበር። አንዲት በቅሎ የምትሸከመው አንድ ኩንታል ያህል ነው። ለነጂው ስንቅ፣ ለበቅሎዋ ገፈራ፣ ለኬላው ቀረጥ ከወጣ በኋላ ለገበሬው የሚተርፈው ጥቂት ነው።

በእንግሊዝ አገርም የድንጋይ ከሰል በፈረስ ጀርባ እየተጫነ ወደ ከተማ ይገባ ነበር። የብሪጅዎተር መስፍን ግን በወርስሊ ካለው የከሰል ጉድጓዱ እስከ ማንቸስተር ድረስ ቦይ አስቆፈረና በ1761 ውኃ ለቀቀበት። በቦዩ ዳር የሚሄድ አንድ ፈረስ በገመድ ጀልባ ሲስብ 25 ቶን፣ ማለትም 250 ኩንታል፣ ይዞ ይሄዳል። ይህ በአገራችን የ250 በቅሎዎች ጭነት ነው። በማንቸስተር የከሰል ዋጋ ወደ እኩሌታ ወረደ፤ ይህን ያዩ ባለጠጎችም በየአገሩ ቦይ ማስቆፈር ጀመሩ።

ውኃና ድካም እንዲቆጠብ ብዙዎቹ ቦዮች ጠባብ ሆነው ተቆፈሩ፤ ስለዚህ ጀልባዎቹም ወርዳቸው 2 ሜትር ከጥቂት፣ ርዝመታቸው እስከ 22 ሜትር የሆነ ቀጫጭን ጀልባዎች ናቸው። ጀልበኛው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ከበስተኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ይኖር ነበር። የፈረስ መሄጃ በሌለው ዋሻ ውስጥ ደግሞ ሰዎች በጀርባቸው ተኝተው ግድግዳውን በእግራቸው እየገፉ ጀልባውን ያሳልፉ ነበር፤ እስታንድጅ የተባለው ዋሻ 5 ኪሎ ሜትር ይረዝማል።

ኋላ የምድር ባቡር መጣና ጭነቱን ወሰደባቸው። ብዙ ቦይ ደለል ሞላው፤ አንዳንዱም ተደፈነ። በ1944 ሮልት የሚባል መሐንዲስ በቦዮቹ ላይ ስላደረገው ጉዞ መጽሐፍ ቢያሳትም ብዙ ሰው አነበበውና በ1946 ለቦዮቹ የሚከራከር ማኅበር ተቋቋመ። ከ1962 እስከ 1963 በነበረው ብርቱ ብርድ ቦዮቹ በረዶ ሆነው ለሳምንታት ስለ ተዘጉ የቀረው ጭነትም ወደ መኪና ዞረ። እንግዲህ ቦዮቹን ከመደፈን ያዳናቸው ለመዝናናት የሚመጣው ሰው ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ዛሬ በእንግሊዝና በዌልስ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል የውኃ መንገድ የሚጠብቅ አንድ ድርጅት አለ፤ ሥራውን የተረከበውም በ2012 ነው።

የመዝናናቱ ጉዞ እንዲህ ነው። አራትም ስድስትም ወዳጆች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ጀልባ ለሳምንት ይከራያሉ። የመንጃ ፈቃድ አይጠየቁም፤ አከራዩ ጥቂት ያስተምራቸዋል። ጀልባውን ዛሬ የሚነዳው ሞተር ነው። መሪው ግን ሰውን ያሳስታል፤ እጀታውን ወደ ግራ የገፉት እንደ ሆነ ጀልባው ወደ ቀኝ ይዞራልና። ከሌላ ጀልባ ጋር ሲገናኙ በቀኝ በኩል ይተላለፋሉ። በሰዓት ከ6 ኪሎ ሜትር ተኩል እንዳይበልጡ ተወስኗል፤ ማዕበሉ የቦዩን ዳር ይንደዋልና። በቦዬ ረግረግ እንዳለው ጉማሬ የሚያስፈራ አውሬ በዚያ የለም፤ ዳክዬ ግን ብዙ ነው። ሲመሽ ካስማ በዳር ይተክሉና ጀልባውን በገመድ አስረው ያድራሉ። በዌልስ ፖንትካሳልት በሚባል ስፍራ ቦዩ ራሱ በ1805 በተመረቀ ድልድይ ላይ፣ ከወንዙ 38 ሜትር ከፍ ብሎ ይሻገራል፤ በአንድ ወገን መከለያ ስለሌለው ልብ የሚያሸብር ነው።

ወዳጆቹን አብሮ የሚያሠራቸው ግን ሎክ የተባለው የውኃ ደጅ ነው። ውኃ ሽቅብ አይሄድምና፣ ቦዩ ተራራ ሲያጋጥመው በሁለት በሮች መካከል እንደ ክፍል ያለ የድንጋይ ጉድጓድ ይሠራለታል። ወደ ላይ የሚወጣ ጀልባ በታችኛው በር ይገባል፤ በሩ ከኋላው ይዘጋል። ከዚያ ሁለቱ ሰዎች በብረት እጀታ የላይኛውን የውኃ መስኮት ያነሣሉ፤ ውኃው እየሞላ ጀልባውን ያነሣዋል፤ ከላይ ካለው ውኃ ጋር ሲስተካከል በሩ ይከፈታል። ሳይስተካከል ለመክፈት የሚገፋ ሰው በከንቱ ይደክማል፤ የውኃው ክብደት በሩን ያጥብቀዋልና። ሲወርዱ ደግሞ ትልቅ አደጋ አለ። ከላይኛው በር ሥር በውኃው ውስጥ የተሸሸገ የድንጋይ ደፍ አለ። ውኃው ሲጎድል የጀልባው ኋላ በደፉ ላይ ከተያዘ ፊቱ ይወርዳል፣ ጀልባውም ይሰጥማል። ስለዚህ መሪውን የያዘው ሰው ዓይኑን ከዚያ ሊነቅል አይገባም፤ በዳር ያሉትም ድምፁን እንደ ሰሙ መስኮቱን ወዲያው መዝጋት አለባቸው።

አንድ ጀልባ ባለፈ ቁጥር ከ100 ሜትር ኩብ የሚበልጥ ውኃ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን የሚተካው በኮረብታ ላይ በተገደቡ ኩሬዎች የተጠራቀመ ዝናብ ነው፤ በድርቅ ጊዜ አንዳንድ ቦይ ይዘጋል። ስለዚህ ደጁ ለሚመጣው ጀልባ ተዘጋጅቶ ከሆነ የቀረቡት ቆመው ያሳልፉታል፤ ውኃው በከንቱ አይፈስም።

በጅማ መንገድ እንዲህ ያለ ቦይ ያልታሰበበትን ምክንያት አስተማሪዎች በሒሳብ ሊያሳዩ ይችላሉ። በዲቫይዚስ ከተማ አጠገብ 29 ደጆች ጀልባውን 72 ሜትር ያወጡታል፤ ለዚህም ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጅማ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የአዲስ አበባው መንገድ ጊቤን የሚሻገርበት ቆላ 1,100 ሜትር ያህል ነው። ለ600 ሜትር ብቻ 240 ያህል ደጆች ያስፈልጋሉ፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የሸዋ ዳገት አለ።

የምዕራቡ ቡና ግን በውኃ ተጉዟል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል መሠረት በባሮ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ በ1904 ተከፈተ፤ የጎሬና የሳዮ ቡና በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይወርድ፣ ጨውና ጨርቅም ይመጣ ነበር። ባሮ ግን ውኃውን የሚይዝለት ደጅ ስላልነበረው መርከቡ የሚመጣው ክረምት ሲገባና ወንዙ ሲሞላ ብቻ ነበር። በበጋ ቡናው በመጋዘን ተከማችቶ ዝናቡን ይጠብቅ ነበር።