የአንጎል ቆሻሻ አወጋገድና እርጅና፦ በውሃ እንቅስቃሴ አማካይነት የሚደረግ ጥናት

አንጎል ሥራውን ሲያከናውን ቆሻሻ ያስቀራል። ከሚወገዱት ነገሮች አንዱ ቤታ አሚሎይድ የተባለው ፕሮቲን ሲሆን፣ አልዛይመር በተባለው የመርሳት በሽታ በያዛቸው ሰዎች አንጎል ውስጥ ተጠራቅሞ ይገኛል። ስለሆነም ይህ የማስወገድ ተግባር በእርጅና ይዳከም እንደሆነ ማወቅ ተገቢ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አይጦችን በማጥናት፣ አንጎልን የከበበው ፈሳሽ በደም ሥሮች ዙሪያ ባለው ክፍተት እየገባ ቆሻሻውን አጥቦ እንደሚያወጣ ገለጹ። ሥርዓቱንም ግሊምፋቲክ ብለው ሰየሙት። ጥናቱ የተካሄደው መከታተያ ንጥረ ነገር ወደ ፈሳሹ በመርፌ በመጨመር ስለነበር፣ ይህንኑ በጤነኛ ሰው ላይ መፈጸም አስቸጋሪ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ቶሺያኪ ታኦካ የተባሉ ጃፓናዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው መርፌ የማያስፈልገው ዘዴ አቀረቡ። የዘዴው መሠረት ዲፊውዥን ነው፤ ይኸውም በብርጭቆ ውሃ ውስጥ የተጨመረ ጠብታ ቀለም እየተሠራጨ እንዲሄድ የሚያደርገው የሞለኪዩሎች እንቅስቃሴ ነው። በአንጎል ውስጥ ውሃ የነርቭ ክሮችን ተከትሎ በቀላሉ ሲጓዝ፣ ክሮቹን ሲያቋርጥ ግን ይገታል። የኤም አር አይ መሣሪያ ይህን በየአቅጣጫው ይለካል።

በፈሳሽ ከተሞሉት የአንጎል ጉድጓዶች ጎን ትናንሽ ደም መላሾች ከግራ ወደ ቀኝ ተዘርግተዋል። በአካባቢው ካሉት የነርቭ ክሮች ግን ከፊሎቹ ከላይ ወደ ታች፣ ከፊሎቹም ከፊት ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ደም መላሾቹን ተከትሎ የተለካው የውሃ እንቅስቃሴ፣ ለደም መላሾቹም ለክሮቹም ቀጤ ነክ በሆነው አቅጣጫ ለተለካው ሲካፈል አልፕስ የተባለው ቁጥር ይገኛል። ቁጥሩ ወደ 1 ሲጠጋ በደም ሥሮች ዙሪያ ያለው እንቅስቃሴ ደካማ ነው ተብሎ ይተረጎማል። በርካታ ጥናቶችም ቁጥሩ ከዕድሜ ጋር እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

ይሁን እንጂ የተለካው የውሃ እንቅስቃሴ እንጂ የቆሻሻ መወገድ አይደለም። በደም ሥሮች ዙሪያ ያለው ክፍተት ከተለካው ሥፍራ እጅግ አነስተኛውን ክፍል ብቻ ይይዛል፤ የነርቭ ክሮች በዕድሜ መለወጥም ቁጥሩን ሊለውጠው ይችላል። መሠረተ ሐሳቡም ገና አከራካሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የአይጦች አንጎል በእንቅልፍ ጊዜ ይበልጥ እንደሚጸዳ ቢገለጽም፣ በ2024 የወጣ ሌላ የአይጦች ጥናት ተቃራኒውን ዘግቧል።

እንቅልፍ ለተማሪዎች አስፈላጊ መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም «እንቅልፍ አንጎልን ያጥባል» የሚለውን አባባል ያለቀለት ዕውቀት አድርጎ በመማሪያ መጽሐፍ ማስፈር ጥንቃቄ ይጠይቃል። የፈተና ውጤት ዕውቀትን ያመለክታል እንጂ ራሱ ዕውቀት እንዳልሆነ መምህራን ጠንቅቀው ያውቃሉ። አልፕስም እንዲሁ አመልካች ነው።