ዘበኛውን የሚያሰናብተው ማን ነው?

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በየመሥሪያ ቤታችን ስለ ንብረት አጠባበቅ በተነሣ ጊዜ ቶሎ ትዝ የሚለን ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ መኪናውና የመጋዘኑ ቁልፍ ነው። በሞዴል 22 ፈርመን የተረከብነው ኮምፒዩተር ሣጥኑና መስኮቱ ይቈጠራል፤ በውስጡ ያለው መዝገብ፣ የደመወዝ ዝርዝርና የባለጉዳይ ማኅደር ግን አይቈጠርም። ይህን የማይቈጠር ንብረት ሌትና ቀን እንዲጠብቅ የተቀጠረው ዘበኛ ፀረ ቫይረስ የሚባለው ፕሮግራም ነው። በብዙ ቢሮ ግን ይህን ዘበኛ የፈለገ ሰው በፈለገው ሰዓት ሲያሰናብተው ይታያል። የዛሬው ጽሑፌም ስለዚሁ ነው።

አንዳንድ አንባቢ «ይህ የባለሙያዎች ጉዳይ ነው፤ አስተማሪን ምን አገባው?» ይል ይሆናል። ነገር ግን የተማሪው ውጤት፣ የጡረተኛው መዝገብና የግብር ከፋዩ ሒሳብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ከተዛወረ ወዲህ ነገሩ የሁላችንም ሆኗል።

በቅድሚያ ሰው ስለ ምን ዘበኛውን እንደሚያሰናብት መመርመር ይገባል። ተንኰለኛ ስለ ሆነ አይደለም። አንደኛው ምክንያት መዘግየት ነው፤ ባለጉዳይ በመስኮት ቆሞ ሲጠብቅ ኮምፒዩተሩ ፍተሻ ጀምሮ ይንቀራፈፋል፤ ሠራተኛውም ይሰለችና ጥበቃውን ይዘጋዋል። ሁለተኛው ምክንያት አንድ ለሥራ የሚፈለግ ፋይል በስሕተት ሲከለከል ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው፣ ያልተገዛ ፕሮግራም በክራክ ወይም በአክቲቬተር ለማስነሣት ሲፈለግ ነው። የእነዚህ ፕሮግራሞች መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «በመጀመሪያ ፀረ ቫይረስዎን ያጥፉ» በማለት ነው። ወደ ቤታችን ለመግባት የመጣ እንግዳ «በመጀመሪያ ዘበኛውን አሰናብቱልኝ» ቢለን በውኑ በሩን እንከፍትለት ነበርን?

ከዚህ የሚመጣውን ጉዳት ለማስረዳት በማውቀው አንድ ትምህርት ቤት የሆነውን ልጥቀስ። የሴሚስተሩ መጨረሻ ደርሶ የውጤት ካርድ ሲታተም «ማሽኑ ዘገየ» ተብሎ ጥበቃው ተዘጋ፤ ኅትመቱ ካለቀ በኋላም መልሶ የከፈተው አልተገኘም። በማግስቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ የተመለሰ ፍላሽ ተሰካበት። ሳምንቱ ሳያልቅ የመምህራኑ ፍላሾች ፋይላቸው ተሰውሮ ባዶ ሾርትከት ብቻ የሚታይባቸው ሆኑ፤ ከዋናው ኮምፒዩተርም ላይ የሦስት ክፍል ውጤት ጠፋ። መምህራኑ ከማርክ መያዣ ደብተራቸው እየተመለከቱ ቍጥሩን አንድ በአንድ እንደ ገና አስገቡ። ከተማሪዎቹ መካከል ከወላጆቹ ጋር ወደ ሌላ ከተማ ለመሄድ መሸኛ የሚጠባበቅ ልጅ ነበረ። የአንድ ከሰዓት በኋላ ጥድፊያ የእርሱን ምዝገባ አስተጓጐለ።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008 የታየው ኮንፊከር የተባለው ትል በመረብና በፍላሽ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ሲሻገር፣ የዊንዶውስን የማደሻና የጥበቃ አገልግሎት ያጠፋ ነበር፤ ወደ ፀረ ቫይረስ ኩባንያዎች ድረ ገጽ የሚወስደውንም መንገድ ይዘጋ ነበር። ጠላት አስቀድሞ የሚያጠቃው ዘበኛውን እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን። እንግዲህ ሠራተኛው በገዛ እጁ ጥበቃውን ሲዘጋ የጠላትን የመጀመሪያ ሥራ ሠራለት ማለት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ትምህርት ግን የአየርላንድ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 2021 የዚያ አገር የሕዝብ ጤና አገልግሎት አንድ ሠራተኛ በኢሜይል የመጣለትን የኤክሴል ፋይል ከፈተ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር የወጣው የምርመራ ሪፖርት እንደሚያስረዳው፣ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ የነበረው ፀረ ቫይረስ ከአንድ ዓመት በላይ አልታደሰም ነበር። ማርች 31 ቀን ፕሮግራሙ የወንበዴዎቹን መሣሪያ አየ፤ ነገር ግን እንዲመለከት እንጂ እንዲከለክል ስላልታዘዘ መዝግቦ ዝም አለ። ሜይ 14 ቀን ወንበዴዎቹ ፋይሎቹን ቈለፉ። መሥሪያ ቤቱም ጉዳቱን ለመግታት የኮምፒዩተር አገልግሎቱን በመላ አገሪቱ ዘጋ፤ ሐኪሞቹ ወደ ወረቀትና እስክሪፕቶ ተመለሱ፤ የብዙ ሕመምተኞች ቀጠሮ ተሰረዘ። ዘበኛው በቦታው ነበረ፤ ሌባውንም አይቶ ነበር፤ ሥልጣን ግን አልነበረውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በበኩሌ የሚከተለውን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ማንኛውም ሠራተኛ የዕለት ሥራውን በተራ ተጠቃሚ መግቢያ እንጂ በአስተዳዳሪ መግቢያ አይሥራ። ተራ ተጠቃሚ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ያትማል፣ ኢሜይል ይልካል፤ ጥበቃውን ለመዝጋት ግን ፈቃድ የለውም። ለሁሉም ኮምፒዩተር አንድ ዓይነት የአስተዳዳሪ ይለፍ ቃል መስጠትም ይቅር፤ አንዱ በታወቀ ጊዜ ሁሉም ይከፈታሉና። ለየኮምፒዩተሩ የተለያየ ቃል የሚያወጣና በየጊዜው የሚለውጥ ላፕስ የተባለ መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል።

ሁለተኛ፣ ፀረ ቫይረሱ ራሱ ይቈለፍ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ታምፐር ፕሮቴክሽን በርቶ ሲገኝ፣ ጥበቃውን በሬጅስትሪ ወይም በትእዛዝ ለማጥፋት የሚደረገውን ሙከራ አይቀበልም። ለብቻው በቆመ ኮምፒዩተር ላይ አስተዳዳሪ የሆነ ሰው ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ሊያጠፋው ይችላል፤ ከማዕከል ሲታዘዝ ግን ከተጠቃሚው እጅ ይወጣል። ካስፐርስኪንና ኢሴትን የመሳሰሉት ፕሮግራሞችም ቅንብራቸውን በይለፍ ቃል የሚቈልፉበት መንገድ አላቸው። ይህ ሁሉ ከፕሮግራሙ ጋር የመጣ ቍልፍ ነው፤ የጐደለው የሚቈልፈው ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ ለእውነተኛ ችግር የታወቀ በር ይኑር። አንድ ፋይል በስሕተት የተከለከለበት ሠራተኛ በስልክ ወይም በማስታወሻ ጠይቆ በዚያው ቀን መልስ ያግኝ። ጥበቃው መፈታት ካለበትም ፈቃጁ ታውቆ፣ ምክንያቱ ተጽፎ፣ ሰዓቱ ተወስኖ ይፈታ። ሕጋዊው በር ከተዘጋ ሰው በአጥር መዝለሉ አይቀርም።

አራተኛ፣ ሰውን የሚያሰለቸው ነገር ይወገድ። ሙሉው ፍተሻ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ባለው የምሳ ጊዜ እንዲሆን ማዘዝ ይቻላል፤ ሠራተኛው ማሽኑን ሳያጠፋ ወደ ምሳ መሄድ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ኢንተርኔቱ ደካማ በሆነበት መሥሪያ ቤት ማደሻው አንድ ጊዜ ወርዶ በውስጥ መረብ ለሁሉ ቢታደል ይሻላል። ለሥራው የሚያስፈልገው ፕሮግራምም በበጀት ተይዞ ቢገዛ፣ ክራክ ፍለጋ የሚንከራተት አይኖርም።

አምስተኛ፣ ዘበኛው ነቅቶ መጠበቁ ይፈተን። ኢካር የሚባል፣ 68 ፊደልና ምልክት ብቻ ያለው፣ ጉዳት የሌለው የሙከራ ፋይል አለ። ባለሙያው ይህን በየጊዜው ወደ ኮምፒዩተሮቹ ቢልክና ፀረ ቫይረሱ ባይጮኽ፣ ዘበኛው ተኝቷል ወይም ተሰናብቷል ማለት ነው።

የሚከብደው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ደንቡ ለጸሐፊዋና ለመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ወጥቶ ለኀላፊው የማይሠራ ከሆነ ከንቱ ድካም ነው። «የእኔን ኮምፒዩተር ክፈቱልኝ፤ እኔ ልጅ አይደለሁም» የሚል አለቃ በየቦታው አይታጣም፤ ባለሙያው ደግሞ የእርሱ የበታች ስለ ሆነ እምቢ ለማለት አይደፍርም። ነገር ግን ትልቁ ምስጢር የሚገኘው በትልቁ ሰው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው፤ ወንበዴም አብዝቶ የሚመኘው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ደንቡ በመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኀላፊ ፊርማ ይውጣ፤ የመጀመሪያው ተገዥም ፈራሚው ይሁን። ያን ጊዜ ባለሙያው «አይቻልም» ሲል ከጀርባው የአለቃው ፊርማ አለ፤ ሌላውም ሠራተኛ ያለ ማጕረምረም ይከተላል።

ስለ ቅጣትም አንድ ቃል ልጨምር። አንድ ሠራተኛ ያልታወቀ ፋይል ከፍቶ ወዲያው ቢናገር፣ ከማስፈራራት ይልቅ ስለ ተናገረ ማመስገን ይበልጣል። የሚቀጣበትን ነገር ሁሉ ሰው ይደብቀዋል፤ የተደበቀ ቫይረስ ደግሞ ሌሊቱን ሲባዛ ያድራል። ተግሣጽ የሚገባው ቍልፉን አውቆ ለሚሰብረውና ነገር ሲበላሽ አብዬን ወደ እምዬ ለሚያላክከው ነው።

ፀረ ቫይረስ ብቻውን ሁሉን ያድናል አልልም። የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሰረቀ ወንበዴ የትኛውንም ዘበኛ ለመግደል ይሞክራል፤ ስለዚህም የመዝገቡ ቅጂ ከመረብ ተነጥሎ በሌላ ስፍራ መቀመጡ ግዴታ ነው። ነገር ግን ሌባ አጥር ይዘላል ተብሎ በር ተከፍቶ አይታደርም።

ሕጉም በዚህ ረገድ ዝም አላለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በሰው ኮምፒዩተር ላይ ጥቃት የሚያደርሰውን ይቀጣል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰውን የግል ዳታ የያዘ አካል የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ባለጉዳዩ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ደመወዙንና ሕመሙን ሳይሰውር የነገረን እንጠብቅለታለን ብሎ አምኖን ነው። ይህን አደራ ለአሥር ደቂቃ ፍጥነት መለወጥ አይገባም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ኀላፊዎች ነገሩን ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉት በአክብሮት አሳስባለሁ። አንባቢም ነገ ጧት ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ፣ በመስኮቱ ታችኛ ጥግ ያለችውን የጋሻ ምልክት አንድ ጊዜ ይመልከታት። ቀይ ምልክት ካየባት ዝም ብሎ ሥራውን አይጀምር፤ ስልኩን አንሥቶ ለባለሙያው ይንገር።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ