ሻምፒዮኖቹ የሐረርጌ ክለቦች የት ገቡ?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በኤረር በር አካባቢ ኳስ በሚታይባቸው ቤቶች ደጃፍ ቆም ብሎ ላዳመጠ ሰው፣ አርሴናል በ2004 ሳይሸነፍ ዋንጫ ሲወስድ እነማን እንደተሰለፉ ከበረኛው እስከ አጥቂው በቃሉ የሚዘረዝር ወጣት አይጠፋም። ይኸው ወጣት "ለመሆኑ ከሐረርጌ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ አለ?" ተብሎ ቢጠየቅ ምናልባት "ሐረር ቢራ" ይል ይሆናል። ሐረር ቢራ ግን ሊጉን አንድም ጊዜ አላሸነፈም። ትክክለኛው መልስ ሦስት ክለቦችና ስምንት ዋንጫዎች ነው። ሦስቱም ክለቦች ዛሬ የሉም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዝርዝሩ እንዲህ ነው። በ1960 የድሬዳዋ ጥጥ ማኅበር፣ ማለትም ኮተን፣ ሻምፒዮን ሆነ። በ1961 የዚያችው ከተማ ክለብ ኢትዮ ሲሚንት ወሰደው። በ1962 እና በ1963 ኮተን፣ በ1964 እንደገና ሲሚንት፣ በ1965 ደግሞ ኮተን። ስድስት ዓመት ሙሉ ዋንጫው ከአንድ ከተማ አልወጣም ማለት ነው! ኮተን በ1983 አምስተኛውን ጨመረ። የቀረውን አንዱን በ1978 ያመጣው የሐረሩ ኦጋዴን አንበሳ ነው። በዚያ ዘመን ድሬዳዋ በሐረርጌ ሥር፣ የሐረርጌ ዋና ከተማም ሐረር ስለነበረ ዋንጫዎቹን "የእኛ" ብንላቸው ድሬዎች የሚቀየሙን አይመስለኝም።

ለምን ድሬዳዋ? ኳስ ከሥራ ጋር ስለመጣ ነው። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ ከደረሰ ጀምሮ ከተማዋ የደመወዝተኛ ከተማ ሆነች። የጥጥ ፋብሪካውም የሲሚንቶ ፋብሪካውም በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጀመሩ ናቸው። ፋብሪካ ባለበት ቦታ ደግሞ በአንድ ፊሽካ የሚገባና በአንድ ፊሽካ የሚወጣ ብዙ ወጣት አለ። ለእግር ኳስ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። የፋብሪካ ክለብ ከሌላው የሚለየው ተጫዋቹ እንጀራ ስላለው ነው። ማሊያውን፣ ጫማውን፣ የጉዞ ወጪውን ድርጅቱ ይችላል። በዚያን ጊዜ ኳስ ብቻውን ሰው አያበላም ነበር፣ ስለዚህ ሥራ ሊሰጥ የሚችል ክለብ ጥሩ ተጫዋች ከሩቅ ማምጣት ይችላል።

አስመራ ተወልደው ለኮተን የተጫወቱት ወንድማማቾቹ ሉቺያኖ እና ኢታሎ ቫሳሎ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ኢትዮጵያ ጥር 21 ቀን 1962 አዲስ አበባ ላይ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ (ግብፅን) በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ከአራቱ ጎሎች ሁለቱን ያገቡት እነሱ ናቸው። ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ነው። ያንን ቀን ስናነሳ የምናነሳው አዲስ አበባን ነው። የድሬዳዋ ፋብሪካ ግን ትዝ የሚለው ሰው የለም።

ኮተን ከዚያም አልፏል። የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ በ1965 መጀመሪያ ላይ አክራ ከደረሱት የመጨረሻዎቹ አራት ክለቦች አንዱ እሱ ነበር። ሌሎቹ የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ፣ የማሊው ስታድ ማሊያን እና የጋናው ሪል ሪፐብሊካንስ ናቸው። ኮተን በግማሽ ፍጻሜ በስታድ ማሊያን ተሸንፎ ወጣ፣ ዋንጫውን ኦሪክስ ወሰደ። ቢሆንም በመጀመሪያው ውድድር ከአህጉሩ አራቱ አንዱ መሆን ቀላል ነገር አይደለም።

የሐረሩ ኦጋዴን አንበሳ ታሪክ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የሚገርም ነው። የሶማሊያ ጦር በ1977 ክረምት ኦጋዴንን ወረረ፣ በመስከረም ጅጅጋ ተያዘች። ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ውጊያው ሐረር አፋፍ ላይ ነበር። ጅጅጋ የተመለሰችው መጋቢት 5 ቀን 1978 ነው። እንግዲህ የዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የተባለው የዚችው የተከበበች ከተማ ክለብ ነው። ስሙ ራሱ ሠራዊቱን ያስታውሳል፤ መቀመጫው ሐረር የነበረው ሦስተኛ ክፍለ ጦር "አንበሳው" እየተባለ ይጠራ እንደነበር ትልልቆቻችን ያውቃሉ። ከተማዋ ስለ ጦርነቱ ብዙ ታወራለች፣ ስለ ዋንጫው ግን ብዙም አይነሳም።

ታዲያ እነዚህ ክለቦች ለምን ጠፉ? ተሸንፈው አይደለም። እንደኔ አስተያየት ያሳደጋቸው ነገር ራሱ ነው የቀበራቸው። የክለቡ ኪስ የባለቤቱ ኪስ ነበር። ፋብሪካው በ1975 በደርግ ተወርሶ የመንግሥት ሲሆን ክለቡም አብሮ ተሸጋገረ፣ ፋብሪካው ሲደክም ክለቡም ደከመ። የደርግ ሠራዊት በ1991 ሲፈርስም እንዲሁ፣ በጦሩ ስም የቆመ ክለብ ማን ደመወዝ ይከፍለዋል? ደጋፊው አባል አልነበረም፣ መዋጮ አልከፈለም፣ ድምፅ አልነበረውም። ያጨበጭባል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

"የፋብሪካ ክለብ መጨረሻው ይኸው ነው" የሚል ካለ ያንኑ አርሴናልን ይመልከት። "መድፈኞቹ" የተባሉት ለቀልድ አይደለም፤ ክለቡን በ1886 የመሠረቱት በለንደን ዉልዊች የመሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ነገር ግን በ1893 ክለቡ ራሱን የቻለ የአክሲዮን ኩባንያ ሆነ፣ በ1913 ደግሞ ሰፈሩን ለቆ ወደ ሰሜን ለንደን ሄደ። ስለዚህ ፋብሪካው ሲዘጋ ክለቡን የሚነካው ነገር አልነበረም።

በእኛ ከተማ ግን ነገሩ ተደገመ። ሐረር ቢራ ፋብሪካ በ2011 ለሄኒከን ተሸጠ። ሐረር ቢራ የተባለው ክለብ በኋላ ሐረር ሲቲ ተብሎ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ቢራው ግን አሁንም በየመደርደሪያው አለ።

ክለብ መሞቱ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በቤልጂየም በ1975 ሻምፒዮን የነበረው የብራሰልሱ ሞለንቤክ ክለብ በ2002 ከስሮ ፈርሷል። እዚያ ግን ፌዴሬሽኑ ከ1926 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ክለብ የመዝገብ ቁጥር ይሰጣል። 1 ቁጥር የአንትወርፕ ነው። የሞለንቤኩ 47 ነበር፣ ክለቡ ሲፈርስ ቁጥሩም ተሰረዘ። በ2015 በዚያው ሰፈር የተነሣው አዲስ ክለብ ግን 47ን ከስሙ ጋር አያይዞ ብቅ አለ። አዲሶቹ ደጋፊዎች ማን እንደሞተባቸው በትክክል ያውቁ ነበር ማለት ነው።

እኛ ጋ ቁጥርም የለም፣ ስሙም እንኳ አንዴ ጥጥ ማኅበር፣ አንዴ ኮተን፣ አንዴ ጨርቃ ጨርቅ እየተባለ ይጻፋል። ሉቺያኖ ቫሳሎ በ2022 ጣሊያን አገር ዐርፏል። በ1965 አክራ ሲጫወት 20 ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ 80 አልፏል፣ በ1978 ለኦጋዴን አንበሳ የተሰለፈው ደግሞ ገና 70ዎቹ ውስጥ ነው። በዚህ ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያልመረጠ የክፍላችን ተማሪ ካለ፣ አንድ ቴፕ ይዞ ከነዚህ ሽማግሌዎች ቢጀምር ምን ይለዋል? ከኦጋዴን አንበሳው ቡድን የቀሩት ሐረር ውስጥ ከሆኑ ለትራንስፖርት እንኳ ብዙ አይወጣም።