የእፉኝት ልጅ
ፒያሳ፣ የታክሲ ወረፋ ላይ፣ ተጋፍቶ ሊገባ የሞከረ ጎረምሳ «የእፉኝት ልጅ!» ተባለ። ተሳዳቢዋ ነጠላ ያጣፉ እናት ናቸው፤ የሚሉትን ያውቁታል። እፉኝት የእናቱን ሆድ ቀዶ፣ ገድሏት ይወለዳል ይባላላ። የመንደር ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው «ፊሳልጎስ» የተባለው መጽሐፍም ይህንኑ ይተርካል። እዚያማ አባትየውም አይተርፍም፣ ሴቷ ትገድለዋለች።

ሐሜቱን ያከሸፈችው እየታየች የወለደች እባብ ናት። ብዙዎቹ እባቦች እንቁላል ይጥላሉ። የእፉኝት ወገኖች ግን፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ሆዳቸው ውስጥ ያቆዩታል፤ ያውም ቅርፊት በሌለው ስስ ሽፋን። ቀኑ ሲደርስ ግልገሎቹ አንድ በአንድ፣ በሽፋኑ እንደተጠቀለሉ፣ በደንበኛው መንገድ ይወጣሉ። የሚቀደደው ሽፋኑ ነው።

አንድ ጥርጣሬ አለኝ። ያረገዘች እፉኝት በዱላ ተመትታ ሆዷ ሲፈነዳ ግልገሎች ሲሳቡ ያየ ሰው ምን ይበል? ገዳዩ ዱላው፣ ተወቃሾቹ ልጆቹ።

በአገራችንም የሚገኘው፣ ሲቆጣ ተነፍቶ እንደ ወናፍ የሚተነፍሰው ወፍራሙ እፉኝት፣ ፓፍ አደር፣ በአንድ ወሊድ ከ20 እስከ 40 ግልገል ይሰጣል። ቼክ አገር በአንድ የእንስሳት ማቆያ የነበረች ኬንያዊት ግን 156 ወልዳለች። ከእባብ ወገን ይህን ያህል የወለደች ሌላ አልተመዘገበችም።

ግልገሉ ከስንዝር አይዘልም፤ ቢሆንም የመርዝ ጥርሱም መርዙም ከተወለደበት ሰዓት አብረውት ናቸው። ጡት የለ፣ ጉርሻ የለ። የመጀመሪያ ቆዳውን ከጣለ በኋላ አደን ነው።

አራስ ቤት የሚመስል ነገር ያለው ሌሎቹ ዘንድ ነው። በአሜሪካና በእስያ፣ በዓይንና በአፍንጫቸው መሃል ሙቀት የምትለይ ጉድጓድ ያለቻቸው የእፉኝት ዘመዶች አሉ፤ አፍሪካ አልደረሱም። ከእነሱ አንዷ፣ ጅራቷን የምታንቋቋዋ ራትልስኔክ፣ ልጆቿ ቆዳ እስኪጥሉ ድረስ ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት አጠገባቸው ትቆያለች።

የራሳችንን እፉኝቶች ያወቅናቸው ዘግይተን ነው። በደቡብ ምዕራብ ደን የሚኖረው በሳይንስ ስም ያገኘው በ1977 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የባሌው የሐረና እፉኝት ደግሞ ገና በ2016 ነው። ከፒያሳ በእግር አራት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ሳይንስ ግቢ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጎራ ያለ ሰው የማይናደፉ እባቦችን ተረጋግቶ ማየት ይችላል።

እኚያን እናት ይዣቸው ብሄድ «አባትየውስ?» ማለታቸው አይቀርም። እሱ ከተገናኙ በኋላ መንገዱን ይቀጥላል፣ የሚገድለው የለም። ዘሩ ግን ሴቷ ውስጥ ይቆያል፦ ገና ሳትጠና ተይዛ ለ5 ዓመት ብቻዋን የኖረች አንዲት አሜሪካዊት ራትልስኔክ፣ ጠባቂዎቿ ሳይጠብቁ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. መገባደጃ 19 ወልዳለች።