ፎርድ 1.0 ኢኮቡስት

ፎርድ 1.0 ኢኮቡስት የአሜሪካው ፎርድ ሞተር ኩባንያ ለአነስተኛና ለመካከለኛ የቤት መኪኖች የሠራው ባለ ሦስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ነው። ተርቦ የተገጠመለት ሲሆን ይዘቱ 999 ሲሲ ወይም አንድ ሊትር ያህል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2012 በፎርድ ፎከስ መኪና ላይ ነው። ሞተሩ በትንሽ ይዘት ብዙ ጉልበት በመስጠቱ የዓለም አቀፍ የዓመቱ ሞተር ሽልማትን ለሦስት ተከታታይ ዓመታት አሸንፏል። በሌላ በኩል ከማቀዝቀዣው ቱቦና በዘይት ውስጥ ከሚዞሩት ቺንጋዎች በሚነሱ ከባድ ብልሽቶችም ይታወቃል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪክ

የአውሮፓ ኅብረት በ2009 ባወጣው ደንብ መሠረት አዲስ የሚሸጡ የቤት መኪኖች የሚያወጡት የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን እስከ 2015 ድረስ በአማካይ ወደ 130 ግራም በኪሎሜትር እንዲወርድ ተወሰነ። የመኪና አምራቾች ይህን ግብ ለመምታት ከተከተሉት መንገድ አንዱ የሞተርን ይዘት ቀንሶ የጎደለውን ጉልበት በተርቦ መተካት ነበር። 1.0 ኢኮቡስት የዚህ አካሄድ ውጤት ነው። ንድፉ በዋናነት የተሠራው በእንግሊዝ አገር ኤሴክስ ውስጥ በሚገኘው የፎርድ የደንተን ምርምር ማዕከል ነው። ምርቱ በጀርመን ኮሎኝ እና በሩማንያ ክራዮቫ ከተሞች ተካሄደ።

ሞተሩ ከፎከስ በኋላ በፊየስታ፣ በቢ-ማክስ፣ በሲ-ማክስ፣ በኢኮስፖርት፣ በሞንዴዮ እና በፑማ ላይ ተገጥሟል። በ2012፣ በ2013 እና በ2014 የዓለም አቀፍ የዓመቱ ሞተር አጠቃላይ አሸናፊ ሆኗል። በ2018 ደግሞ ብዙ ጉልበት በማይፈለግበት ጊዜ አንዱን ሲሊንደር ለይቶ የሚያቆም ስልት ተጨመረለት። ሲሊንደሩን ለማቆም ወይም መልሶ ለማስነሳት የሚፈጀው ጊዜ 14 ሚሊሰከንድ ነው። ከዚያም ባለ 48 ቮልት ቀላል ሃይብሪድ ዓይነቶች ተከተሉ።

ዝርዝር መግለጫ

• የሲሊንደር ብዛትና አደራደር፦ 3፣ በአንድ መስመር
• ይዘት፦ 999 ሲሲ
• የሲሊንደር ስፋት፦ 71.9 ሚሊሜትር
• የፒስተን ምት፦ 82 ሚሊሜትር
• የእመቃ ጥምርታ፦ 10 ለ 1 (የመጀመሪያው ትውልድ)
• ቫልቮች፦ 12፣ በሁለት ካም ሻፍት የሚሠሩ
• ሞኖብሎክ፦ ብረት
• ቴስታታ፦ አሉሚኒየም፣ የጭስ መውጫው አብሮ የተቀረጸበት
• የነዳጅ አገባብ፦ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ
• ጉልበት፦ እንደ ዓይነቱ 100፣ 125 ወይም 140 የፈረስ ጉልበት፤ በኋላ የመጣው ሃይብሪድ እስከ 155
• የመጠምዘዝ ኃይል፦ በባለ 125ቱ 170 ኒውተን ሜትር፣ ለአጭር ጊዜ እስከ 200
• ክብደት፦ 97 ኪሎግራም ገደማ

አሠራር

ተርቦ ወደ ውጭ በሚወጣው ጭስ ግፊት የሚሽከረከር ትንሽ የአየር መጭመቂያ ነው። ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር በበዛ ቁጥር ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ስለሚቻል ትንሹ ሞተር የትልቅ ሞተር ጉልበት ያገኛል። የዚህ ሞተር ተርቦ በጣም ትንሽና ቀላል በመሆኑ በደቂቃ እስከ 248,000 ዙር ይሽከረከራል። በዚህም የተነሳ የመጠምዘዝ ኃይሉ ከ1,400 ዙር አካባቢ ጀምሮ ይገኛል፤ ባለ 125 የፈረስ ጉልበቱ ዓይነትም ተርቦ የሌለውን 1.6 ሊትር ሞተር ለመተካት በቅቷል።

የጭስ መውጫው ከቴስታታው ጋር አንድ ላይ የተቀረጸ ስለሆነ ጭሱ ወደ ተርቦው ከመድረሱ በፊት በማቀዝቀዣ ፈሳሽ ይበርዳል። ሞኖብሎኩ ከአሉሚኒየም ይልቅ ከብረት የተሠራው ሞተሩ ጠዋት ሲነሳ ቶሎ እንዲሞቅ ነው። ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር በባሕርዩ ይንቀጠቀጣል። ንድፍ አውጪዎቹ ንቅናቄውን የሚያመጣጥን ተጨማሪ ዘንግ ከመግጠም ይልቅ ቮላኖውንና የፊቱን ፑሌጃ ሆን ብለው ሚዛናቸው እንዲዛባ አድርገው ሠርተዋቸዋል፤ ይህም ክብደትና ሰበቃ ቀንሷል።

ሰበቃን ለመቀነስ የተደረገው ሌላው ውሳኔ የኋላ ኋላ ብዙ ጣጣ አስከትሏል። በብዙ መኪኖች ላይ ካም ሻፍትን የሚያዞረው ከሞተሩ ውጭ በደረቅ ቦታ የሚዞር የጎማ ቺንጋ ወይም በዘይት የሚርስ የብረት ሰንሰለት ነው። በዚህ ሞተር ላይ ግን የጎማ ቺንጋው ራሱ በሞተሩ ውስጥ፣ በዘይት እየራሰ ይዞራል። የዘይት ፓምፑንም የሚያንቀሳቅሰው እንዲሁ በዘይት ውስጥ ያለ ሌላ ትንሽ ቺንጋ ነው። ዘዴው ከሰንሰለት ያነሰ ሰበቃና ድምፅ አለው፤ ጤንነቱ ግን ሙሉ በሙሉ በዘይቱ ላይ የተመሠረተ ነው።

የተለመዱ ብልሽቶች

ትንሽ ሞተር በተርቦ ሲታገዝ ቀድሞ የሚበላሸው ተርቦው ነው ተብሎ በብዛት ይታመናል። በዚህ ሞተር ላይ ግን የከባድ ብልሽቶች መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ማቀዝቀዣውና የዘይት ዝውውሩ ነው። ተርቦው የሚጎዳው ዘይት ሲቋረጥበት ነው።

የማቀዝቀዣ ቱቦ

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በተሠሩት ሞተሮች ላይ በማቀዝቀዣው ውስጥ የሚፈጠረውን አየር ወደ ፈሳሽ ማጠራቀሚያው ዕቃ የሚመልሰው የፕላስቲክ ቱቦ በሙቀት ብዛት ይሰነጠቅ ነበር። ቱቦው ሲሰነጠቅ ፈሳሹ በአጭር ጊዜ ያልቃል። የአሉሚኒየሙ ቴስታታ ሙቀት ስለማይችል ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል፤ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል። በዋጋ ትንሽ የሆነ ቱቦ ሙሉ ሞተር እስከማስቀየር የደረሰባቸው ባለንብረቶች ብዙ ናቸው። ፎርድ ቱቦውን አሻሽሎ መኪኖችን ለቅያሬ መልሶ ቢጠራም ጥሪው ያልደረሳቸው መኪኖች ነበሩ። ጉዳዩ በ2018 በብሪታንያ መገናኛ ብዙኃን ሰፊ ሽፋን አግኝቷል።

በዘይት ውስጥ የሚዞሩት ቺንጋዎች

የቺንጋው ጎማ ዘይት እንዲቋቋም ሆኖ የተሠራ ነው። የሚቋቋመው ግን ትክክለኛውን ዓይነትና ንጹሕ ዘይት ነው። ዘይቱ ሲያረጅ አሲድነቱ ይጨምራል። መኪናው በአጫጭር ጉዞዎች ብቻ ሲነዳ ደግሞ ሞተሩ በደንብ ስለማይሞቅ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይቀላቀላል። ሁለቱም ጎማውን ያለሰልሱታል፤ ያሳብጡታል፤ በመጨረሻም ይሰነጣጥቁታል።

ቺንጋው ሳይበጠስም ሞተሩን ሊገድል ይችላል። ከቺንጋው የሚረግፈው የጎማ ፍርፋሪ በዘይት ኮፓው ውስጥ ባለው ማጥለያ ወንፊት ላይ ይከማቻል። ወንፊቱ ሲደፈን ፓምፑ ዘይት መሳብ ያቅተዋል፤ የዘይት ግፊት ይወርዳል። መጀመሪያ የሚጎዱት ተርቦውና የክራንክ ሻፍቱ ብሮንዞች ናቸው። የፓምፑ ቺንጋ ጥርሱ ሲረግፍ ወይም ወጣሪው ሲሰበር ግን ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ሞተሩም እየሠራ ሳለ ተጣብቆ ሊቆም ይችላል። በዚያን ጊዜ የፍሬን ማገዣው ጉልበት ሊቀንስና ፔዳሉ ሊከብድ ስለሚችል ብልሽቱ የደህንነት ጉዳይም ነው። ፎርድ በ2023 መጨረሻ በአሜሪካ 140 ሺህ የሚጠጉ መኪኖችን የጠራው በዚሁ በዘይት ፓምፑ ቺንጋና ወጣሪ ምክንያት ነበር። የተጠሩት ከ2016 እስከ 2018 የተሠሩ ፎከሶች እና ከ2018 እስከ 2022 የተሠሩ ኢኮስፖርቶች ናቸው።

የአምራቹ መመሪያ ዋናው ቺንጋ በ10 ዓመት ወይም በ240,000 ኪሎሜትር፣ ቀድሞ በደረሰው እንዲቀየር ያዛል። ይህ ቁጥር ሁልጊዜ በትክክለኛው ዘይት ለሄደ ሞተር የወጣ በመሆኑ የተሳሳተ ዘይት የገባበት ሞተር እዚያ ላይደርስ ይችላል። በኋላ በተሻሻሉት ሞተሮች ላይ ካም ሻፍቶቹ በሰንሰለት እንዲዞሩ ተደርጓል። የዘይት ፓምፑ ግን በቺንጋ መንቀሳቀሱን ስለቀጠለ «ሰንሰለት ያለው ሞተር ነው» መባሉ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ተመሳሳይ ችግር በፈረንሳይ በተሠራው 1.2 ሊትር ፒዩርቴክ ሞተር ላይም በስፋት ታይቷል። ስለዚህ ጉድለቱን የአንድ ፋብሪካ ስህተት ብቻ አድርጎ ማየት አይቻልም።

ሌሎች ችግሮች

ነዳጁ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ስለሚረጭ የአየር ማስገቢያ ቫልቮቹን የሚያጥብ ቤንዚን የለም። በመሆኑም በጊዜ ብዛት ጥቀርሻ ይይዛቸዋል፤ ሞተሩ ሳይነዳ ቆሞ ሲሠራ ይርገበገባል። ሌላው በዝቅተኛ ዙር ነዳጁ ያለጊዜው መቀጣጠሉ ሲሆን በተርቦ የሚሠሩ ትናንሽ ሞተሮች ሁሉ የሚጋሩት ነው። በከፍተኛ ማርሽና በዝቅተኛ ዙር እየሄዱ ነዳጅ በኃይል መርገጥ ያባብሰዋል።

የብልሽት ምልክቶችና ጥንቃቄ

ለዚህ ሞተር የታዘዘው ዘይት 5ደብልዩ-20 ውፍረት ያለው፣ የፎርድን ደብልዩ.ኤስ.ኤስ-ኤም2ሲ948-ቢ ደረጃ የሚያሟላ ነው። ውፍረቱ ብቻ አንድ መሆኑ አይበቃም፤ በጣሳው ላይ የደረጃው ቁጥር መጻፍ አለበት። መካኒኮች ብዙውን ጊዜ ዘይቱ መመሪያው ከሚፈቅደው ርቀት ቀደም ብሎ እንዲቀየር ይመክራሉ። በተለይ በከተማ ውስጥ አጭር ጉዞ ለሚበዛበት መኪና ይህ አስፈላጊ ነው።

የማቀዝቀዣ ፈሳሽ መጠን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በየጊዜው መታየት አለበት። ፈሳሹ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚቀንስ ከሆነ እየጨመሩ መንዳት ሳይሆን ፍሳሹን መፈለግ ይገባል። የዘይት ግፊት መብራት በጉዞ ላይ ከበራ መኪናውን ወዲያው አቁሞ ሞተሩን ማጥፋት እንጂ «እስከ ጋራዥ ይድረስ» ብሎ መቀጠል ሞተሩን ያሳጣል። ፔዳሉ ሲረገጥ ፍሬኑ ከወትሮው የሚከብድ ከሆነም የቺንጋው ጉዳት ምልክት ሊሆን ይችላል።

ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው ከኪሎሜትር ቆጣሪው ይልቅ የሚያስረዳው የዘይት ቅያሬ መዝገቡ ነው። መዝገቡ የዘይቱን ዓይነት ጭምር የሚያሳይ ሊሆን ይገባል። መዝገብ ከሌለ የዘይት ኮፓው ተፈትቶ ወንፊቱ ቢታይ የጎማ ፍርፋሪ መኖር አለመኖሩ ይታወቃል። ቺንጋውን መቀየር ክራንክ ሻፍቱንና ካም ሻፍቶቹን በቦታቸው የሚይዙ ልዩ መሣሪያዎች ስለሚፈልግ ሥራው ውድ ነው። ያም ሆኖ ሙሉ ሞተር ከመቀየር ጋር ሲነጻጸር ወጪው አነስተኛ ነው። ቺንጋው ሲቀየር ወንፊቱ አብሮ ካልጸዳ ወይም ካልተቀየረ አሮጌው ፍርፋሪ አዲሱን ቺንጋ የገጠመውን ሞተር መልሶ ሊያበላሽ ይችላል።