ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰማይ የሚሆን የመጀመሪያ ቴሌስኮፕ

ደሴ የተቆረቆረችው በጅራታም ኮከብ ምክንያት ነው ይባላል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ወሎ ላይ ሰፍረው ሳለ ጅራቱን የለቀቀ ኮከብ ሰማይ ላይ ታያቸው፤ በጎ ምልክት ነው ብለው ከተማ እንዲቆረቆር አዘዙ፣ ስሙንም ደሴ አሉት። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1882 ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ከፀሐይ አጠገብ በጠራራ ቀን ሳይቀር የታየ ትልቅ ጅራታም ኮከብ መላውን ዓለም ጉድ አሰኝቶ ነበር። እንዲህ ያለ ታሪክ ያላት ከተማ ልጆች ጨረቃን አንድ ቀን እንኳ በሌንስ ሳያዩ 12ኛ ክፍል መጨረሳቸው ይቆጨኛል። በትንሽ ገንዘብ፣ ካወቁበት፣ ሊሆን የሚችል ነገር ነውና።

ለጀማሪ የሚሻለው ሪፍራክተር የሚባለው ዓይነት ነው። ከፊት ትልቅ ሌንስ፣ ከኋላ ዓይን የሚጠጋበት ትንሽ ሌንስ፣ በመካከላቸው ባዶ ቱቦ፤ አሠራሩ ይኸው ነው። የፊቱ ሌንስ ብርሃኑን ሰብስቦ አንድ ቦታ ላይ ምስል ይሠራል፣ የዓይኑ ሌንስ ያንን ምስል ያጎላዋል። በመስታወት የሚሠሩት ቴሌስኮፖች በተመሳሳይ ዋጋ ተለቅ ያለ የብርሃን መግቢያ ይሰጣሉ፤ ነገር ግን መንገድ ላይ ሲንገጫገጩ መስታወታቸው ከቦታው ይንቀሳቀሳል፣ በየጊዜውም ማስተካከል ይጠይቃል። የሪፍራክተር ቱቦ ፊቱ ዝግ ነው። አቧራ በማይጠፋበት እንደ ኮምቦልቻ ባለ ከተማ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ገዢ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ጊዜ ያጎላል?» ብሎ ነው። ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ ካርቶኑ ላይ «525 ጊዜ» ብሎ በትልቁ ይጽፋል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ላሳያችሁ። የአንድ ቴሌስኮፕ ማጉላት የሚገኘው የፊቱን ሌንስ የትኩረት ርቀት ለዓይኑ ሌንስ የትኩረት ርቀት በማካፈል ነው። የፊቱ 700 ሚሊ ሜትር፣ የዓይኑ 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ 175 ይመጣል። በመካከሉ ሦስት ጊዜ የሚያበዛ ባርሎው የሚባል ሌንስ ሲጨመርበት 525 ይሞላል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ በዓይን የሚታየው ግን የደበዘዘና የሚንቀጠቀጥ ብዥታ ነው። አንድ ቴሌስኮፕ በወጉ ሊያጎላ የሚችለው የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ተለክቶ፣ ያ ቁጥር በሁለት ተባዝቶ የሚገኘውን ያህል ነው። ባለ 70 ሚሊ ሜትሩ 140 ጊዜ ድረስ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ያለው ለካርቶኑ ማሳመሪያ ነው።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የሌንሱ ስፋት ነው። የሰው ዓይን ብሌን በጨለማ ሲከፈት 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 70 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከዚያ አንድ መቶ እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል። ቱቦው ላይ «70/700» ተብሎ ከተጻፈ የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ፣ ሁለተኛው የትኩረት ርቀቱ ነው። ኪሱ ለሳሳ ሰው የምመክረው ይህንኑ 70/700 ነው። በ25 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ 28 ጊዜ፣ በ10 ሚሊ ሜትር 70 ጊዜ ያጎላል፤ ለመጀመሪያው ዓመት ከዚህ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር የለም። 70/400 የሚባለው አጭሩ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ ለጉዞም ይመቻል፤ ሆኖም የጨረቃና የጁፒተር ዳር ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ጎላ ብሎ ይታይበታል። ርካሽ ሌንስ ቀለማትን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ መሰብሰብ አይችልም፣ ቱቦው ባጠረ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል። 90/900 ከሁለቱም የተሻለ ያሳያል። ችግሩ ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ መድረሱና ለመሸከሚያው መክበዱ ነው።

የገንዘቡ ዋና ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ነው። ቱቦውን ተሸክሞ የሚያዞረው መሸከሚያና እግሮቹ ከሌንሱ ባልተናነሰ ወሳኝ ናቸው። በ70 ጊዜ ማጉላት ቱቦው ላይ ያረፈ የጣት ንዝረትም 70 ጊዜ ይጎላል። ደሴ ላይ ሲመሽ የሚነሳው ነፋስ ቀጫጭን የአሉሚኒየም እግር ሲነካ ሳተርን ሰማይ ላይ ይጨፍራል። መሸከሚያ ሲገዛ የሚደረገው ፈተና ቀላል ነው፦ ሩቅ ነገር ላይ አነጣጥሮ ቱቦውን በጣት መታ ማድረግና ምስሉ ረግቶ እስኪቆም መቁጠር። ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ከሆነ ደግ ነው። አምስትና ስድስት ሰከንድ ከፈጀ ያ ስታንድ የሰውን ትዕግሥት ያስጨርሳል።

መሸከሚያ ሁለት ዓይነት ነው። አልታዚሙት የሚባለው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ኢኳቶሪያል የሚባለው አንዱ ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ ተዘንብሎ ይተከላል፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ ዘንግ ብቻ በማዞር ኮከብን መከተል ይቻላል። አንዳንድ የፈረንጅ መጻሕፍት ሁለተኛውን ይመክራሉ። ለአውሮፓና ለአሜሪካ እውነት ነው፤ እኛ ግን ያለነው ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ገደማ ወደ ሰሜን ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ከፍ የሚለውም የዚያኑ ያህል፣ 11 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ክንድ ተዘርግቶ የሚታይ አንድ ጡጫ ያህል ማለት ነው። በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ለሚኖር የደሴ ሰው ተራራ፣ ቤት ወይም ጉም በቀላሉ ይሸፍንበታል። ርካሾቹ ኢኳቶሪያል መሸከሚያዎች ደግሞ ለ40 እና ለ50 ዲግሪ ታስበው የተሠሩ ስለሆኑ በ11 ዲግሪ ሲተኙ ሚዛን ማስጠበቂያው ክብደት እግሮቹን እየመታ፣ ስታንዱም ወደ አንድ ወገን እየከበደ ያስቸግራል። በዚህ ምክንያት ለደሴና ለኮምቦልቻ አልታዚሙት ግዙ እላለሁ፤ የተረፈውን ገንዘብ ጠንካራ እግር ላይ አውሉት።

አልታዚሙትም ቢሆን ዓይነት አለው። ቱቦውን ከግራና ከቀኝ እንደ ሹካ የሚይዘው ርካሹ ዓይነት ወደ አናት ሲቀና ቱቦው ከሹካው ጋር ይጋጭና አልሄድም ይላል። እኛ አገር ደግሞ ደህና ደህናው ነገር ሁሉ የሚያልፈው በአናታችን ነው። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት የኦሪዮን ኔቡላ የሚባለው የጋዝ ደመና ደሴ ላይ ከ70 ዲግሪ በላይ ከፍ ይላል፣ ሰባቱ ከዋክብትም እንዲሁ፤ ጁፒተርም በአንዳንድ ዓመታት አናት ላይ ሊደርስ ትንሽ ይቀረዋል። ስለዚህ ቱቦውን በአንድ ጎን ብቻ የሚይዝ፣ በዝግታ ለማንቀሳቀስ ሁለት የሚጠመዘዙ እጀታዎች ያሉት መሸከሚያ ይፈለግ። እጀታዎቹ ቅንጦት አይደሉም። ሰማይ ዘወትር ይዞራል፤ የሚታየው ሜዳ ግማሽ ዲግሪ ከሆነ አንድ ኮከብ ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጅበት። በእጅ እየገፉ መከተል ያሰለቻል፤ በእጀታው ግን ትንሽ ጠምዘዝ ማድረግ ብቻ ነው። ከኋላ የሚገባው ማጠፊያ መስታወትም 90 ዲግሪ የሚያጥፍ ይሁን። 45 ዲግሪ የሚያጥፈው ለምድር እይታ የተሠራ ነው፤ ወደ አናት ሲያነጣጥሩበት አንገት ይሰብራል።

ጥሩ ሌንስ መጥቶ እግሩ ቢወላገድ ተስፋ አይቆረጥም። ኮምቦልቻ ውስጥ ብየዳ ቤት ሞልቷል። በወፍራም የብረት ቱቦ ሦስት እግር ማስበየድ፣ ወይም አናጺ ዘንድ ሄዶ ከደረቀ እንጨት ማሠራት ይቻላል። እንጨት ንዝረትን ከስስ አሉሚኒየም በተሻለ ውጦ ያስቀራል። ያም ባይሆን በእግሮቹ መካከል አሸዋ የሞላ ከረጢት ማንጠልጠል፣ እግሮቹንም እስከ መጨረሻው አለማስረዘም ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ቴሌስኮፑ ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ሥራ የሚሠራው በቀን ነው። ከፀሐይ ተቃራኒ አቅጣጫ ባለ ሸንተረር ላይ ለብቻው የቆመ ዛፍ ፈልጋችሁ ጫፉን በ25ቱ ሌንስ መሐል ላይ አምጡ፤ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ቢታይ የማጠፊያው መስታወት ጠባይ ነው። ከዚያ ከጎን ያለችውን ትንሽ አነጣጣሪ ብሎኗን እያጠበቃችሁና እያላላችሁ ያው ዛፍ መስቀለኛ መስመሯ ላይ እስኪውል አስተካክሉ። ይህን ሳያደርግ በሌሊት የወጣ ሰው ባዶ ጨለማ ሲያስስ ያመሽና ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ይተወዋል።

ሁለቱ ከተሞች የሚለያዩት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ቢሆንም ሰማያቸው አንድ አይደለም። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ከላይዋ ያለው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ጉም ካልወረደ ከዋክብቱ ጥርት ይላሉ። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ብላ፣ ሞቅ ብላ፣ በፋብሪካና በመንገድ መብራት ተከባለች፤ በምትኩ ሜዳዋ ሰፊ ነው፣ አድማሷም ክፍት ነው። በሚያዝያና በግንቦት ምሽት ደመና ከተገፈፈ በደቡብ በኩል 19 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ የሚቆመው የደቡብ መስቀል፣ ከዚያም ከፍ ያለው ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለው የከዋክብት ክምችት እዚያ ይታያሉ። የለንደን ሰው እነዚህን ለማየት አውሮፕላን መሳፈር አለበት። የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ግን በጋው ነው፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት።

በ70 ሚሊ ሜትር ምን ይታያል? የጨረቃ ጉድጓዶች ጥላቸው ጭምር፣ ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በጥር 1610 ያገኛቸው አራቱ የጁፒተር ጨረቃዎች፣ የሳተርን ቀለበት፣ እንደ ጨረቃ የምትጎድለው ቬነስ። የኦሪዮን ኔቡላ አመድማ ጭስ መስሎ ይታያል፤ መጽሔት ላይ ያለውን ቀይና ሰማያዊ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። ከሁሉ በላይ ግን አንዲት ደብዛዛ ኮከብ እንድትፈልጉ እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሲሰጥ፣ ለኢትዮጵያ የደረሰችው በአንድሮሜዳ ውስጥ ያለች ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቷም አቦል ተባሉ። ፕላኔቷ በየትኛውም የቤት ቴሌስኮፕ አትታይም። ኮከቧ ግን በባዶ ዓይን ከሚታየው ጥቂት ብቻ ደብዘዝ ያለች ስለሆነች ይህ ትንሽ ሌንስ ይደርስባታል፤ በኅዳር ምሽት በሰሜን በኩል ከአድማስ 59 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች።

ደቡብ ወሎ ውስጥ ቴሌስኮፕ ሌላም ሥራ አለው፤ የረመዳንና የዒድ ጨረቃ። በሌንስ የታየ ጨረቃ ይጸድቃል ወይስ አይጸድቅም የሚለውን የሚወስኑት ዑለማዎቹ ናቸው፤ ሆኖም በዓይን የሚፈልገውን ሰው ወዴት እንደሚመለከት በማሳየት መሣሪያው ያግዛል። አዲስ ጨረቃ የምትፈለገው ፀሐይ በገባችበት በምዕራብ ነው፤ ለደሴ ምዕራቡ ጦሳ ስለሆነ ከከተማው መሐል ብዙ አይታይም፣ ከፍ ወዳለ ቦታ መውጣት ያሻል። በእኛ ኬክሮስ ጨረቃዋ ብዙ ጊዜ እንደ ጀልባ ጋደም ብላ ነው የምትታየው። ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትጠልቅ ግን ቴሌስኮፑን ወደዚያ አቅጣጫ ማዞር ፈጽሞ አይገባም።

የፀሐይን ነገር ጠንከር ብዬ መናገር አለብኝ። በሌንስ የተሰበሰበ የፀሐይ ብርሃን ዓይንን በቅጽበት ያጠፋል። ከአንዳንድ ርካሽ ቴሌስኮፖች ጋር የሚመጣው፣ ዓይን ሌንስ ላይ የሚጠመዘዝ ጥቁር መስታወት በሙቀት ሊፈነዳ ይችላል፤ ካርቶኑ ውስጥ ካገኛችሁት ስበሩና ጣሉት። ትክክለኛው ማጣሪያ ከፊት፣ ከትልቁ ሌንስ በፊት የሚታሰረው ለዚሁ የተሠራ ፊልም ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ስትሆን ብዙ ሰው ወደ ሰማይ አንጋጧል፤ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ ፀሐይ ከእኛ አገር በከፊል ተጋርዳ ትታያለች። ክረምት ነው፣ ደመና ሊኖር ይችላል፤ ቢሆንም ማጣሪያው ቀድሞ ይዘጋጅ።

ግዢው ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ከጂዳ፣ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ በኩል ነው። ደህና 70/700 ከነመሸከሚያው በውጭ ገበያ ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛል። ለሚያመጣው ሰው ሦስት ነገር ንገሩት፦ የፊቱ ሌንስ ብርጭቆ እንጂ ፕላስቲክ እንዳይሆን፣ የዓይን ሌንሱ ጉሮሮ 31.7 ሚሊ ሜትር የሚለካው መደበኛው እንዲሆን፣ የካርቶኑ ርዝመት ሻንጣ ውስጥ እንደሚገባ እንዲለካ። ሩቁን አቅርበው የሚያሳዩ መሣሪያዎች ሲገቡ ፈቃድ ሊጠየቅባቸው ስለሚችል ቲኬት ከመቆረጡ በፊት ጉምሩክን መጠየቅ ይሻላል። ዕቃው ከገባ በኋላም በሌሊት ኮረብታ ላይ ቱቦ ተክሎ መቆም ጥርጣሬ ሊያመጣ ይችላል፤ ጎረቤትንና ቀበሌን ማሳወቅ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያና ከካምፕ መራቅ፣ የሚጠይቅ ሲመጣም ጨረቃን ማሳየት ነው።

ከሞቀ ቤት ወደ ደሴ ብርድ የወጣ ሌንስ 20 ደቂቃ ያህል ካልቀዘቀዘ ምስሉ አይረጋም። ጤዛ ከያዘው በነጠላ አትጥረጉት፤ ሽፋኑን ሳትከድኑ ክፍል ውስጥ ይድረቅ። በክረምት እርጥበት ሌንስ ላይ ሻጋታ ያወጣልና ከሐምሌ እስከ መስከረም ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አብራችሁ አድርጋችሁ በደረቅ ሣጥን አስቀምጡት።